በሩ የተዘጋበት ሁዳዴ

(የራዲዮ ዘጋቢ ፕሮግራም፤ የትረካ ጽሑፍ)

(ድምፅ፦ የደጋ ነፋስ። ከሩቅ ደወል። ድምፁ ዝቅ ሲል ትረካው ይገባል።)

ተራኪ፦ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ዓርብ ነበር፤ ሁዳዴ ከተያዘ 19ኛ ቀኑ። የጤና ሚኒስቴር በዚያ ዕለት ከቡርኪና ፋሶ የመጣ አንድ የ48 ዓመት ጃፓናዊ በኮሮና ቫይረስ መያዙን አስታወቀ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ነው። ከሁለት ቀን በኋላ እሑድ ሆነ። የዚያ እሑድ ስሙ መጻጉዕ ይባላል፤ 38 ዓመት ሙሉ አልጋው ላይ የኖረው በሽተኛ የተፈወሰበት ወንጌል በየቤተ ክርስቲያኑ የሚነበብበት ሰንበት። ቀኑን ማንም አልመረጠውም፤ እንዲሁ ገጠመ። በማግስቱ ሰኞ መንግሥት ትምህርት ቤቶችን ዘጋ፣ ትልልቅ ስብሰባዎችንም ከለከለ።

ሳምንቱን ቆይቶ ደብረ ዘይት ገባ። ይህ ደግሞ የዓለም ፍጻሜ ምልክቶች የሚነበቡበት ሰንበት ነው፤ ረኃቡ፣ ቸነፈሩ፣ የምድር መናወጡ። በሌላ ዓመት ሰባኪው ቸነፈር ምን እንደሆነ ለማስረዳት ጥቂት ይደክም ነበር። በዚያ ዓመት ማስረጃውን ሰው ከቤቱ ይዞ ነው የመጣው። ጾሙ እየገፋ ሄዶ በኒቆዲሞስ እሑድ፣ መጋቢት 27፣ በሽታው በአገሪቱ የመጀመሪያዎቹን ሰዎች መግደሉ ተነገረ። መጋቢት 27 የመድኃኔዓለም ዓመታዊ በዓል ነው።

እንግዲህ የ2012ን ሁዳዴ የኖረ ሰው ያን ጊዜ የሚያስታውሰው በሁለት አቆጣጠር ነው። አንዱ በየቀኑ የሚነገረው የተመርማሪና የተያዥ ቁጥር ነው። ሌላው ከአባቶች የወረደው የሳምንታት ስም፦ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መጻጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሳዕና። የዛሬው ፕሮግራማችን በሁለተኛው አቆጣጠር ወደ መንዝ ይሄዳል።

(ድምፅ፦ የበግ መንጋ፤ የእረኛ ፉጨት።)

ተራኪ፦ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ብርሃን አድርጎ ጣርማ በር የደረሰ መንገደኛ፣ የደሴን መንገድ ትቶ ወደ ግራ ቢገነጠል መዘዞን ያገኛል፤ ቀጥሎ ሞላሌን፤ ቀጥሎ መሐል ሜዳን። የመንዝ ጌራ ምድር ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ከጓሳ ሣር፣ ከጭላዳና ከቀይ ቀበሮ አገር ጋር የምትጎራበት። ብርዱ ቀን ቀን ከፀሐይ ጋር ይታገላል፤ ሌሊት ግን ተቀናቃኝ የለውም። ለዚህ ነው የመንዝ ሰው የበጉን ጠጉር ፈትሎ ባና የሚያሠራው።

እዚህ ገብስ ይበቅላል፣ ባቄላ ይበቅላል፣ በግ ይረባል። የሁዳዴ ማዕድ የሚቆረሰውም ከዚያው ነው፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮ፣ ክክ፣ ተልባ፣ የባቄላ ሥልጆ። ሥጋውና ወተቱ 55 ቀን ይቆማል፤ የሚገፋው ቅቤ ለፋሲካ ይጠራቀማል። ከሰባት ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ ይጾማል። ቅዳሴ በሁዳዴ የሥራ ቀን ከቀትር በኋላ ስለሆነ፣ እህል አፍ የሚደርሰው ፀሐይ ካዘቀዘቀች ወዲያ ነው። ከዚያ በፊት ሰውየው አርሷል፣ ሴትየዋ ውኃ ቀድታለች፣ ልጁ በግ ጠብቋል።

መንዞች በጾም ጉዳይ ዋዛ አያውቁም። አሜሪካዊው ምሁር ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመውን «ሰምና ወርቅ» የተባለ መጽሐፍ ሲያዘጋጅ የአማራን ገበሬ ሕይወት ያጠናው እዚሁ መንዝ ተቀምጦ ነው። አንድን ሕዝብ በሥርዓቱ ለማወቅ የፈለገ ሰው መንዝን መምረጡ አይገርምም።

ታዲያ ወረርሽኙ ጾሙን ምን አደረገው? የሚገርመው መልሱ፣ ማዕዱን ምንም አላደረገውም። ሽሮው ያው ሽሮ ነው። ያስቸገረው ከማዕዱ ውጭ ያለው ነው።

(ድምፅ፦ የገበያ ሁካታ።)

ተራኪ፦ በሽታው ለደጋው መጀመሪያ የደረሰው በወሬ ነው፤ በራዲዮ፣ በስልክ፣ ከአዲስ አበባ በተመለሰ ተማሪ አፍ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የከተማው ተማሪ ወደ ወላጆቹ ገባ፤ ወሬውን ይዞ። አዲስ አበባ ላይ በነዚያ ቀናት ሎሚ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ዋጋቸው ጣራ ነካ፤ ዋጋ አንረዋል የተባሉ ሱቆችም ታሸጉ። ሁሉም የጾም ምግብ ስለሆኑ የጾመኛውን ጾም አልነኩም፤ ኪሱን ግን ጎዱ።

ሌላም ጥያቄ ተነሣ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ያልቀመሰ ሰው፣ ያውም ሽማግሌ፣ በሽታውን ይቋቋማል ወይ? በቤተ ክርስቲያን ሕግ ለታመመ ሰው ጾም ይፈታል፤ የነፍስ አባቱ ይፈቅድለታል። ለታመመ እንጂ ሊታመም ይችላል ተብሎ ለሚፈራ ግን ሥርዓት የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በሚያዝያ ወር፣ የረመዳን ጾም ሊገባ ቀናት ሲቀሩት፣ ስለ ጾም አንድ መመሪያ አወጣ፦ ጾም የመያዝ ዕድልን ይጨምራል የሚል ጥናት የለም፤ ጤነኛ ሰው እንደ ቀድሞው መጾም ይችላል፤ የታመመ ሐኪሙን ያማክር። የተጻፈው ለሙስሊሙ ጾመኛ ነው። ሁዳዴን ለያዘው የሚሠራ ነበር፤ ለፍስክ ጥቂት ቀን ሲቀር መምጣቱ ነው እንጂ።

የመንዝ አሮጊት ግን መመሪያም ብትሰማ ጾም አትፈታም። ይህን በሙገሳ የምናገረው አይደለም። ነፍስ አባቷ «ፍቺ» ብለዋት እንኳ «እስከ ዛሬ ጾሜ ዛሬ?» የምትል እናት በየቤቱ አለች፤ ሐኪምንም ቄስንም እኩል የምታስቸግር።

(ድምፅ፦ የቤተ ክርስቲያን ደወል፤ የእግር ኮቴ።)

ተራኪ፦ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። መጨባበጥ ተከለከለ። የሕዝብ ማመላለሻ በግማሽ እንዲጭን ተደረገ። በዚያው ሰሞን ቤተ ክህነት ምእመናን በየቤታቸው እንዲጸልዩ፣ በቤተ መቅደስ ልዑካኑ ብቻ እንዲያገለግሉ አሳሰበች።

እስቲ እዚህ ላይ አንዲት ነገር እናንሣ። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ቅዳሴ ለመቀደስ ቢያንስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ቀሳውስት፣ ሦስት ዲያቆናት። ከዚያ ከጎደለ ቅዳሴ የለም። አራት ሰው የሚለውን ቁጥር የወሰነው ሰው ስብሰባ አዳራሽን፣ ቡና ቤትን፣ ምናልባት ሠርግን አስቦ ይሆናል። ሕዝቡ ሁሉ ከቅጽር ቢወጣ እንኳ መቅደሱ ውስጥ የሚቀረው ሰው ከአዋጁ በአንድ ይበልጣል። የሮማ ቅዳሴ በአንድ ካህን ሊቀደስ ይችላል፤ በዚያ ጸደይ በጣሊያን ባዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ ቄስ ለስልክ ካሜራ ሲቀድስ ዓለም አይቷል። የመንዝ ቅዳሴ በባሕርዩ የብዙ ሰው ሥራ ነው። ከአምስት በታች አይሰበሰብም፣ አይታጠፍም።

ሕዝቡስ? ፎቶግራፎቹን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። አዲስ አበባ ላይ የደብሮች በር ተዘግቶ፣ ነጠላ የለበሰ ሰው አስፋልት ላይ ሲሰግድ፣ የብረት በሩን ሲሳለም። የውጭ ጋዜጠኞች ይህን እንደ እንግዳ ትዕይንት አነሡት። የአገሩን ልማድ ለሚያውቅ ግን እንግዳነቱ ግማሽ ነው። ከቅጽር ውጭ ቆሞ ማስቀደስ ድሮም አለ። የበላ፣ ንጹሕ አይደለሁም ያለ፣ የጎደለው ነገር ያለ የመሰለው ሰው ከደጅ ቆሞ ነው የሚያስቀድስ። ማንም አይከለክለውም፤ ራሱ ነው ራሱን የሚከለክል። በመንዝ ገጠር በሰንበት ጠዋት በግንቡ ጥግና በጽድ ዛፎቹ ሥር የሚቆመውን ሰው ብትቆጥሩት ከውስጠኛው ላያንስ ይችላል። በዚያ ሁዳዴ አዲስ የነበረው፣ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ደጅ መቆሙ ነው።

የገጠር ቅጽር እንደ ከተማው የብረት በርና ጠባቂ የለውም። አዋጅ ከአስፋልት በራቀ ቁጥር እየላላ ይሄዳል፤ ይህ በኢትዮጵያ የታወቀ ነው። ስለዚህ የአዲስ አበባን ዝግ በር ወስዶ በየመንዙ ደብር ላይ መለጠፍ አይገባም። ነገር ግን ገጠሩንም የነካው አለ፤ ሰንበቴው። በቅጽሩ ውስጥ ባለችው ጎጆ ከቅዳሴ በኋላ ዳቦ ተቆርሶ ጠላ የሚጠጣበት፣ ማን እንደታመመ፣ የማን በሬ እንደሞተ፣ ማን ከማን እንደተጣላ የሚታወቅበት። ጠላው በአንድ ጣሳ ይዞራል። ጽዋ ማኅበሩም እንዲሁ። ዝክሩም፣ ለቅሶውም። ጾም ሰውን ለየብቻው ያራርቃል፤ ይህ ሁሉ ደግሞ የተራራቀውን ሰው መልሶ ያሰባስባል። ወረርሽኙ የመጀመሪያውን ትቶ ሁለተኛውን ነው የወሰደ።

(ድምፅ፦ የግዕዝ ቅዳሴ ዜማ፤ ከሩቅ።)

ተራኪ፦ አሁን የሰማችሁት ዜማ ከኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ነው ያለ ሰው አይፈረድበትም። የካቶሊክ ነው።

መንዝ የካቶሊክ አገር አይደለም። በመላው ኢትዮጵያም ካቶሊኮች ከመቶ አንድ አይሞሉም። ቢሆንም የነሱ ሁዳዴ ከመንዙ ሁዳዴ ጋር እኩል ገብቶ እኩል ይወጣል። የኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን በግዕዝ ሥርዓት ትቀድሳለች፤ ፋሲካንም ከሮም ጋር ሳይሆን ከአገሩ ሕዝብ ጋር ታከብራለች። መጻጉዕ ለነሱም መጻጉዕ ነው። በሁዳዴ ዓርብ የሚጸልዩት የመስቀል መንገድ፣ ከጲላጦስ አደባባይ እስከ መቃብር ያሉት 14 ማረፊያዎች፣ ከላቲኑ የመጣ ነው፤ የቀረውን የመንዝ ዲያቆን ቢሰማው አብዛኛውን ያውቀዋል።

ይህ እንዲሁ በቀላሉ የመጣ ስምምነት አይደለም። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን አፄ ሱስንዮስ የሮምን ሃይማኖት በተቀበሉ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1625 የገባው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ በዓላቱንና አጽዋማቱን በሮማ አቆጣጠር ለማስተካከል ሞከረ። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የሚደረገውን የሊቃውንት ክርክር ገበሬው ሊተወው ይችል ነበር። የጾሙ ቀን ሲነካበት ግን ነገሩ ከቤቱ ገባ። ደም ፈሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1632 ንጉሡ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው አወጁ። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ትግራይ የገቡት አቡነ ያዕቆብ፣ ጁስቲን ደ ያቆቢስ፣ ከዚያ የተማሩ ይመስለኛል፤ የአገሩን ሥርዓት ይዘው ነው የሠሩት። የዛሬው ካቶሊክ በግዕዝ መቀደሱና ፋሲካን ከጎረቤቱ ጋር መፍታቱ የዚያ ትምህርት ፍሬ ነው።

በ2012ም እንዲሁ ሆነ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ ካቶሊክ ደብርና መሐል ሜዳ ያለ አንድ ኦርቶዶክስ ደብር በአንድ ሳምንት አንድ ችግር ገጠማቸው። የደረሰባቸው ጉዳት ግን አንድ አልነበረም።

ካቶሊኩ ምእመን በየሰንበቱ መቍረብ የለመደ ነው። በሩ ሲዘጋበት የቀረበት ቅዱስ ቍርባኑ ራሱ ነው። ለዚህ ቤተ ክርስቲያኑ አንድ የቆየ መልስ ነበራት፤ መንፈሳዊ ቍርባን የሚሉት፣ በልብ የመቀበል ጸሎት። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ከመኖሪያ ቤታቸው ጸሎት ቤት ዕለት ዕለት በሚተላለፈው ቅዳሴ ላይ ይህንኑ ይመሩ ነበር። በኦርቶዶክሱ በኩል ከልጆችና ከአረጋውያን በቀር በየሳምንቱ የሚቈርብ ጥቂት ነው። ለመንዙ ገበሬ የቀረበት መሳለሙ ነው፣ መስገዱ፣ ጸበሉ፣ እጅ መስቀሉ፣ ከሰው ጋር መቆሙ። ለዚህ ደግሞ «በልብህ ተቀበል» የሚል ምትክ የለም። የግንብን ድንጋይ በልብ መሳለም አይቻልም። በቴሌቪዥን የሚታየው ቅዳሴ ለካቶሊኩ ጎዶሎም ቢሆን መጽናኛ ነበር፤ ለሌላው ግን ከዜና ብዙም አይለይም። ይህ የኔ አስተያየት ነው፤ የማይስማማ ይኖራል።

ከመጋቢት 28 ጀምሮ የኢትዮጵያ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ ለአንድ ወር የሚቆይ ጸሎት በቴሌቪዥን እንዲተላለፍ አደረገ። ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙ፣ ካቶሊኩ፣ ወንጌላዊው በየተራ በአንድ መድረክ ጸለዩ። የኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን አባት ያን ጊዜ ብፁዕ ካርዲናል ብርሃነየሱስ ሱራፌል ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ካርዲናል የሆኑት፣ ከአቡነ ጳውሎስ ጻድዋ ቀጥሎ ሁለተኛው ኢትዮጵያዊ። ብዙ የገጠር ተመልካች የካቶሊክ ጳጳስ ጸሎት ሲያደርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ያኔ ሳይሆን አይቀርም።

(ድምፅ፦ የዕጣን ጽና ሰንሰለት።)

ተራኪ፦ ከጸሎቱ ሌላ ዕጣን ነበር። ካህናት በአዲስ አበባ ጎዳናዎች በመኪና እየዞሩ አጠኑ። ይህን ከጥንቆላ የቆጠረ ምሁር ነኝ ባይ በፌስቡክ አልጠፋም። ኅዳር ሲታጠን ግን እሱም ከልጅነቱ ያውቀዋል። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር የዓለሙ ግሪፕ ኢትዮጵያ ገብቶ አዲስ አበባን ሬሳ በሬሳ አደረጋት፤ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ተርፈዋል። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 በሚካኤል ቀን ሰው ግቢውን ጠርጎ ጥራጊውን ያቃጥላል፣ ያጥናል። የኅዳር በሽታ ያለፈው ከመቶ ዓመት በላይ ነው፤ ጭሱ ግን እስካሁን አለ።

ሸዋ የቆየ የቸነፈር ትዝታ ያላት አገር ናት። ወደ መንዝ ስንሄድ ያለፍናት ደብረ ብርሃን በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በአሥራ አምስተኛው መቶ ዘመን፣ ቸነፈር ገብቶባታል። የንጉሡ ዜና መዋዕል እንደሚለው የሞተውን የሚቀብር እስኪጠፋ ድረስ ሰው አለቀ። ንጉሡ በከተማዋ የቅዱስ ቂርቆስን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ በስሙ ቤተ ክርስቲያን በታነጸበት ቸነፈር አይገባም የሚል ቃል ኪዳን ለሰማዕቱ ተሰጥቶታል ተብሎ ስለሚታመን። በዚያ ዘመን በሽታ ሲገባ ቤተ ክርስቲያን ይሠራ ነበር። በ2012 በሽታ ሲገባ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋ። አንድ የሸዋ ሽማግሌ ይህን አልቀበልም ቢል፣ ድርቅና ነው ከማለት በፊት ከየት እንደተነሣ ማወቅ ይገባል።

ሌላም አለ። ምኒልክ ልቼ በተባለችው ከተማቸው በነበሩበት ዘመን ሸዋ ውስጥ አንድ ካቶሊካዊ ጳጳስ ይኖሩ ነበር፤ ጣሊያናዊው ካፑቺን ጉልየልሞ ማሳያ፣ አገሬው አባ ማስያስ የሚላቸው። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ ሸዋ መጡ፤ በ1879 በአፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከአገር ወጡ። ስብከታቸው ብዙ ሰው አላፈራላቸውም። ክትባታቸው ግን አፍርቷል። በጉድሩና በሌሎችም አገሮች ብዙ ሰው ፈንጣጣ ከትበዋል፤ ስማቸውም ከፈንጣጣ ጋር ተያይዞ ይነሣ ነበር። ሃይማኖታቸውን ያልተቀበለ ሰው ክንዱን አልከለከላቸውም።

(ድምፅ፦ የሕማማት ዜማ፤ ዝግ ያለ።)

ተራኪ፦ ሚያዝያ 4 ሆሳዕና ዋለ። በዚያው እሑድ ሮም ላይ ፋሲካ ነበር። የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ባዶውን ነው የዋለ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 27 ማታ፣ ፍራንቸስኮስ ዝናብ በሚዘንብበት ባዶ አደባባይ ቆመው ባርከዋል፤ በአጠገባቸው ከሳን ማርቸሎ ቤተ ክርስቲያን የመጣው ስቅለት ነበር፣ የ1522ቱ ቸነፈር ጊዜ በሮም ጎዳና የዞረው። ቫቲካን ለዚያ ዓመት ሕማማት ትእዛዝ አውጥታ ነበር፦ በጸሎተ ሐሙስ የእግር ማጠብ ሥርዓት ይቅር፤ በዓርብ ስቅለት መስቀሉን በመሳም የሚሳለም ቀዳሹ ካህን ብቻ ይሁን።

ይህች የመጨረሻዋ ትእዛዝ ለሮም ሰው እንግዳ ሆና ታሳቅቀው ይሆናል። የመንዝን ሰው አታሳቅቀውም። ምክንያቱም በእኛ ሕማማት ከጥንትም መሳሳም የለም። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ መስቀል አይሳለሙም፣ ቄስ አይባርክም፣ ሰው ተገናኝቶ ጉንጭ አይስምም፣ እጅ አይጨብጥም። ይሁዳ ጌታውን በመሳም ስለሸጠ ነው ይላሉ። በሌላ ጊዜ ትከሻ ለትከሻ ተጋጭቶ፣ አራት አምስት ጊዜ ስሞ፣ የሽማግሌ ጉልበት ነክቶ የሚሰነባበት ሕዝብ፣ በዚያች ሳምንት ከሩቅ ጎንበስ ብሎ ያልፋል።

ቴሌቪዥኑ ለሳምንታት «አትጨባበጡ» እያለ ሲለምን፣ ሰውም እየረሳ እጁን ሲዘረጋ ከርሞ፣ ሕማማት ሲገባ ሁሉም እጁን ሰበሰበ። የጤና ባለሙያዎች ያላገኙትን የልማድ ኃይል የቀን መቁጠሪያው ይዞት ተገኘ። ቅስቀሳውን የሚያዘጋጁት ሰዎች አስቀድመው አንድ የደብር አለቃ ቢያማክሩ «ከዛሬ ጀምሮ ሕማማት ነው በሏቸው» የሚል ምክር ያገኙ ነበር ብዬ አስባለሁ። አንድም ቀን በእንዲህ ያለ ቋንቋ ሲነገር አልሰማሁም። «አካላዊ ርቀት» ነበር የሚባለው፤ የመንዝ ገበሬ ስለ መሬት ልኬታ የሚወራ ሊመስለው ይችላል።

ሚያዝያ 9 ዓርብ ስቅለት ሆነ። በደህናው ዓመት የመሐል ሜዳ ቅጽር በዚህ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ይሞላል፤ ሰው ይሰግዳል፣ ላብ በላብ ይሆናል፣ ማታ ቄሱ በወይራ ጀርባውን ቸብ ቸብ አድርገው ስግደቱን ያዙታል። ጉልባን ይበላል። የቻለ ከዓርብ እስከ እሑድ ሌሊት እህል ሳይቀምስ ያከፍላል። የዚያ ዓመት መልእክት ስግደቱን በየቤታችሁ ስገዱ የሚል ነበር። ቤት ውስጥ ስግደት ከባድ ነው። ወለሉ ጠባብ ነው፤ ልጅ ያለቅሳል፣ ምጣድ ይጣዳል። ደግሞ ስግደት ሰው በሰው ነው የሚበረታ፤ ጎረቤት ሳይደክመው እኔ ቀድሜ አልቀመጥም እየተባለ። ብቻውን የሚሰግድ ሰው የሚፎካከረው ከጉልበቱ ጋር ነው፤ ጉልበቱ ደግሞ በዚያ ሰዓት ባዶ ሆድ ነው።

(ድምፅ፦ የሌሊት ዝምታ፤ ዶሮ፤ ከሩቅ እልልታ።)

ተራኪ፦ ሚያዝያ 11 ሌሊት ጾሙ ተፈታ። በዚያ ፋሲካ በኢትዮጵያ የተመዘገበው የታማሚ ቁጥር ከመቶ ጥቂት ከፍ ያለ ነበር፤ ለመላው አገር። አዲስ አበባ ላይ ብዙ ሰው የትንሣኤን ቅዳሴ በቴሌቪዥን አየ። በመንዝ የተጠራቀመው ቅቤ ወጣ፣ ዶሮው ታረደ። ለወትሮው የፋሲካ ሰሞን የመንዝ በግ ተጭኖ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል፤ ለበግ አርቢው የዓመቱ ትልቅ ገበያ ነው። መኪና በግማሽ በሚጭንበት፣ የክልል ከተሞች በተራ በተራ በሚዘጉበት ሰሞን ግን ነጋዴ እንደ ልቡ አይንቀሳቀስም። ከአማራ ክልል ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ አዲስ ቅዳምና ጥሊሊ ከመጋቢት 22 ጀምሮ ለ14 ቀን ተዘግተው ነበር። አክፋዩ በጾሙ ይጠቀማል፤ በግ አርቢው በፍስኩ ነው የሚጠቀም።

የሚቀጥለው ዓመት ሁዳዴ የካቲት 29 ቀን 2013 ሰኞ ገባ። በዋዜማው፣ በዘወረደ እሑድ፣ 2.2 ሚሊዮን ያህል የአስትራዜኔካ ክትባት ቦሌ ደረሰ። ክትባቱ መሰጠት የተጀመረው መጋቢት 4 ነው፤ የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ በዓመቱ፣ በዚያችው ቀን። መጀመሪያ ለጤና ባለሙያዎች፣ ቀጥሎ ለአረጋውያን። አባ ማስያስን ያስታወሰ ግን አልነበረም።

በዚያ ሁለተኛው ሁዳዴ በሮቹ ክፍት ናቸው። የካቶሊኩም ደብር፣ የኦርቶዶክሱም። ሰው ይሳለማል፣ ጸበል ይጠጣል፣ ሰንበቴው ተመልሷል፣ ጣሳው ይዞራል። ጭምብሉ ከአገጭ ሥር ወርዷል። በመጋቢት 2013 በኢትዮጵያ በሽታው የሚገኝበት ሰው በቀን ወደ 2,000 ተጠግቶ ነበር፤ በሩ በተዘጋበት ዓመት በፋሲካ ዕለት ከነበረው ጠቅላላ ድምር ሃያ እጥፍ ያህል፣ በአንድ ቀን።

(ድምፅ፦ ደወል፤ እየራቀ ይሄዳል። ፕሮግራሙ ያበቃል።)